ነጠላና ድርብ ዓረፍተ ነገርን ለልጆች እንዴት እናስተምር?

ነጠላ ዓረፍተ ነገርን ከድርብ መለየት ማስተማር ያለብን ከትርጓሜው ሳይሆን ከማሰሪያ ግሱ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን ከሚቋጨው ዋና ግስ፣ ተነሥተን ነው። «ነጠላ አንድ ሐሳብ፣ ድርብ ሁለት ሐሳብ ይይዛል» የሚለውን ልጆች በአንድ ክፍለ ጊዜ በቃላቸው ይይዙታል። ይሁን እንጂ ሐሳብ በጣት የሚቆጠር ነገር ስላልሆነ መልመጃው ሲሰጣቸው ወደ ሁለት አሳሳች ምልክቶች ይሄዳሉ፤ ረጅሙን ሁሉ ድርብ ይሉታል፣ «እና» ወይም «ና» ያለበትንም እንዲሁ። የመምህሩ ወይም የወላጁ የመጀመሪያ ሥራ በእነዚህ ምልክቶች ላይ ያላቸውን እምነት ማፍረስ ነው።

ለዚህ ልጆቹ ከሚያውቁት ነገር የተሠሩ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። ኮምቦልቻ ለሚማሩ ልጆች ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር በሐረጎ መንገድ በሚኒባስ ወደ ደሴ ሄድኩ።» ከሥሩም «ጠራሁት፤ አልመጣም።» የሚለውን ያስቀምጡ። የመጀመሪያው 13 ቃላት ቢኖሩትም «ና»ም ቢገባበትም ማሰሪያው «ሄድኩ» ብቻ ስለሆነ ነጠላ ነው። ሁለተኛው ግን በሁለት ቃል ብቻ ድርብ ሆኗል፤ ምክንያቱም የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በራሱ ላይ ስለሚሸከም «ጠራሁት» ብቻውን፣ «አልመጣም»ም ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ባለቤቱን ለብቻው ፈልገው ማስመር ስለሚለምዱ ይህን ነጥብ ሳይቸኩሉ ማስረዳት ያስፈልጋል። ማሰሪያው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሚገኝም ዓይናቸውን ከአራት ነጥቡ ወደ ኋላ እንዲመልሱ ያስለምዷቸው።

ከዚያ ወደ መቁረጡ ይለፉ። ዓረፍተ ነገሮቹን በአሮጌ ደብተር ወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፈው ለልጆቹ ከመቀስ ጋር ይስጧቸው። ልጁ አያያዥ ቃሉ ያለበት ቦታ ላይ ይቆርጣል፣ አያያዡን ያወጣል፣ በቀሪዎቹ ቁራጮች መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ያደርጋል፣ ከዚያም እያንዳንዱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ሁለቱም ቁራጮች ሳይንጠለጠሉ ከቆሙ ዓረፍተ ነገሩ ድርብ ነው። «ከድር ወደ ሜዳ ሄደ፤ ሰዓዳ ግን ቤት ቀረች።» ሲቆረጥ «ከድር ወደ ሜዳ ሄደ።» እና «ሰዓዳ ቤት ቀረች።» ይሆናል። «ከድርና ሰዓዳ ወደ ሜዳ ሄዱ።» ሲቆረጥ ግን አንደኛው እጅ «ከድር።» ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ልጆቹም አንብበውት ራሳቸው ይስቃሉ። ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበቡን አይዝለሉት፤ አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅ የተንጠለጠለ ነገርን በዓይኑ ከማየቱ በፊት በጆሮው ይለየዋል።

«ሰዓዳ ዳቦ ገዛችና በላች።» የሚለው ላይ አንዳንዱ ልጅ ያመነታል፤ «በላች» ብቻዋን ስትቀር ማን እንደበላች አልተነገረም ይላል። መጨረሻዋ ላይ ያለችውን «ች» በጣቱ እንዲሸፍናትና እንዲገልጣት ያድርጉት፤ ባለቤቷ እዚያው እንዳለች ያያል።

አያያዦችን በዝርዝር ከማስጠናት ይልቅ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማነጻጸር ይሻላል። «ቡና ወይስ ሻይ ትጠጣለህ?» ነጠላ ሲሆን «ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ?» ድርብ ነው፤ አያያዡ ያው «ወይስ» ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው ያያያዘው ነገር ስም ወይም ግስ መሆኑ ነው። ልጆቹ ይህን ካዩ በኋላ «የትኛው አያያዥ አለ?» ከማለት ይልቅ «ምንና ምንን አያያዘ?» ብለው መጠየቅ ይጀምራሉ።

አስቸጋሪው ቦታ ቦዝ አንቀጽ፣ ማለትም እንደ «በልቶ» ያለ ዓረፍተ ነገርን ብቻውን የማይቋጭ ግስ፣ ነው። «ከድር ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ደብተሩን ይዞ ወጣ።» ብለው ሲጽፉ አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ አራት ነገር አደረገ እኮ!» ማለቱ አይቀርም፤ ትክክልም ነው። ይሁንና የሚቆጠረው ድርጊቱ ሳይሆን ማሰሪያው ነው። «ምሳውን በልቶ።» ብሎ አራት ነጥብ አድርጎ ሲያነበው ሰሚው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይለዋል፤ «በልቶ»፣ «ታጥቦ»፣ «ይዞ» ሦስቱም «ወጣ»ን የሚጠብቁ ጥገኞች ናቸው። በተመሳሳይ መንገድ «ዝናብ ዘነበ፤ ስለዚህ ገበያው ቶሎ ተበተነ።» ድርብ ሲሆን፣ «ዝናብ ስለዘነበ ገበያው ቶሎ ተበተነ።» ግን ድርብ አይደለም፤ «ዝናብ ስለዘነበ» ብቻውን አይቆምምና። እነዚህ ጥገኛ ያላቸው ውስብስብ ዓረፍተ ነገሮች ይባላሉ፤ ትምህርታቸው ቆየት ብሎ ቢመጣም ልጆቹ ወረቀቶቹን ሲከፋፍሉ ሦስተኛ መደብ ማዘጋጀት ተገቢ ነው። ሁለት መደብ ብቻ ከሰጠናቸው ውስብስቡን በግድ አንዱ ውስጥ ይከቱታል፤ ያን ስሕተት በኋላ ማረም ደግሞ ከመጀመሪያው ማስተማር ይከብዳል።

«ዘይነባ እንጀራ እየጋገረች ነበር።» የሚሉ ዓይነቶችም ጥያቄ ያስነሣሉ። «ነበር» የ«እየጋገረች» ረዳት ስለሆነ ሁለቱ አንድ ማሰሪያ ሆነው ይቆጠራሉ፤ ዓረፍተ ነገሩም ነጠላ ነው።

መለየቱን ከለመዱ በኋላ ሥራውን ይገልብጡት፤ ሁለት ነጠላ ዓረፍተ ነገሮች ይስጧቸውና ያጣምሩ። «ደሴ ትበርዳለች።» እና «ኮምቦልቻ ትሞቃለች።» ከተሰጣቸው ከፊሎቹ በ«ግን»፣ ከፊሎቹ በ«እና»፣ ሌሎቹም በድርብ ሠረዝ ብቻ ያገናኟቸዋል፤ ሁሉም ልክ ነው። «ስለዚህ» ያለ ልጅ ካለ ግን የደሴ ብርድ ኮምቦልቻን እንዴት እንደሚያሞቃት እንዲያስረዳ ይጠይቁት። ድርብ ሠረዝን ለማስተማርም ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ ሁለቱ ቁራጮች በየራሳቸው የሚቆሙበት ቦታ የእሱ ቦታ ነውና።

የመጨረሻው መልመጃ ከመጽሐፍ ባይሆን ይመረጣል። ልጆቹ ስለ ትናንት ውሏቸው አንድ አንቀጽ ይጻፉ፣ ደብተር ይለዋወጡ፣ ከዚያም እያንዳንዱ የጓደኛውን ማሰሪያ ግሶች በእርሳስ ያስምር። የሚሳሳተውን ልጅ «ተሳስተሃል» ከማለት ይልቅ ያሰመረበት ቦታ ላይ ቆርጦ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያድርጉት።