ኮለሙ ቀለም አልለይ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ላብ (ቤተ ሙከራ) ውስጥ ለተማሪ የማሳየው ሰማያዊ ዴክስትራን የተባለው ግዙፍ ሞለኪውልና ትንሹ ቀይ ቫይታሚን ቢ12 በኮለም ሲለያዩ ነው፤ ኮለሙ ሴፋዴክስ ጂ-75 የተባለ ባለ ቀዳዳ የጄል ቅንጣት የተሞላ ቀጥ ያለ ቱቦ ነው። ግዙፉ ሰማያዊ የጄሉ ቀዳዳ ስለማያስገባው ቀድሞ ይወርዳል፤ ቀዩ በየቀዳዳው ሲገባ ሲወጣ ይዘገያል። ተማሪ «ትንሹ ነው የሚቀድመው» ይላል። አትከራከሩት፣ አሳዩት።

ምልክት፦ ሰማያዊው ቀጥ ያለ ቀለበት መሆኑ ቀርቶ ተንጋዶና ተጎትቶ ይወርዳል። ቀዩ ይደርስበትና ወይን ጠጅ ሆነው አብረው ይወጣሉ።

መንስኤ፦ ጄሉ ደርቋል። የኮለሙ የታች ቧንቧ ክፍት እያለ ባፈሩ (በጄሉ ውስጥ የሚወርደው፣ አሲድነቱ የማይለዋወጥ ፈሳሽ) አልቆ አየር ገብቷል፤ ጄሉ እንደ በጋ መረሬ ተሰነጣጥቋል። አንድ ቡድን ከፍቶት ቡና ሊጠጣ ወጣ። ሲመለሱ ከላይ ባፈር ሞልተው ዝም አሉ! ላዩ እርጥብ ነው፣ ያብረቀርቃል። የስልክ መብራት ከኮለሙ ጀርባ ሳበራ ግን መሃል ላይ ብርማ ክሮች ታዩ፤ አየር ነው። ናሙና ከመጨመራችሁ በፊት ሁሌም አብርታችሁ እዩ።

መፍትሄ፦ ከላይ መሙላት አያድነውም፤ በሽቦ መጎርጎርማ ጭራሽ ያበላሸዋል። ጄሉን ቢከር ውስጥ ገልብጡት፣ በባፈር አቅጥኑት፣ ሲረጋ ከላይ የሚቀረውን ድፍርስ ድፉት። ከዚያ በመስታወት ዘንግ እያንሸራተታችሁ በአንድ ጊዜ ሙሉት፤ ሁለት ጊዜ ከተሞላ መሃሉ ላይ ንብርብር ይሠራል። በማግኔት ማማሰያ አታማስሉ፤ ቅንጣቱን ይፈጫል።

እንዳይደገም የመውጫውን ቱቦ ጫፍ ከጄሉ ወለል ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ስታንዱ ላይ እሰሩት። ባፈሩ እዚያ ከፍታ ሲደርስ በራሱ ይቆማል። ጫፉ ተመልሶ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ግን ይስባል፣ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ደግሞም ቧንቧው የሚያንጠባጥብ ርካሽ ኮለም አትግዙ፤ ዘግተነዋል ብላችሁ ሄዳችሁ ሌሊቱን ሲያደርቀው ያድራል።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ቀለበቱ ቀጥ ብሎ ከሰፋ ናሙናው በዝቷል፤ ለ20 ሚሊ ሊትር ጄል ግማሽ ሚሊ ሊትር ይበቃል። አረፋ ካበዛ ጄሉን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው ሞልታችኋል፤ መጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። ደረቁ የጄል ዱቄት ውሃ ጠጥቶ እንዲያብጥ በ90 ዲግሪ ውሃ 3 ሰዓት፣ ያለ ሙቀት ደግሞ 24 ሰዓት ይቆይ። ጅማ ላይ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሙቀቱ ያንሳል ብላችሁ አትስጉ።

ጄሉ እንዳይሻግት 0.02 በመቶ ሶዲየም አዛይድ ይጨመራል። መርዝ ነው፤ አሲድም አይንካው። ፒፔት በአፉ የሚስብ ተማሪ ካየሁ ከላብ አስወጣለሁ።