ክረምቱን ቆማ የከረመችው ጀኔሬተር

ጎንደር፣ አዘዞ ሱቄ ውስጥ ያለችው ትንሿ የቤንዚን ጀኔሬተር ከሰኔ ጀምሮ ሳትነሣ ከርማ ነበር። በጥቅምት መብራት ሲጠፋ ገመዱን ደጋግሜ ብስብም እምቢ አለች። ካንዴላዋን ፈትቼ አየሁ፤ ንጹሕ ነው፣ እሳትም ይሰጣል። የታንከሩን ክዳን ስከፍት ግን የቆየ ቀለም የመሰለ ጎምዛዛ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

ቤንዚን ሲከርም ቀላሉ ክፍሉ ይተንና የቀረው ከአየር ጋር ተዋህዶ ሙጫ ይሆናል። ያ ሙጫ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ ደፍኖታል። አሮጌውን ቤንዚን አንጠፍጥፌ አወጣሁ፤ ካርቡሬተሩን ፈትቼ በማጽጃ ፈሳሽ አጠብሁ፤ ቀዳዳውንም በለስላሳ የመዳብ ሽቦ ከፈትሁ። እባካችሁ በብረት ሽቦ አትሞክሩት፤ ቀዳዳውን ካሰፋችሁት አይመለስም። አዲስ ቤንዚን ጨምሬ ገመዱን ለሦስተኛ ጊዜ ስስብ ተነሣች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም!

ዘይቷም ጠቁሮ ስለነበር ቀየርሁት። ሻጩ ለመኪና የሚሸጠውን 20ደብሊው-50 አቀረበልኝ፤ የአምራቹ መመሪያ የሚያዝዘው ግን 10ደብሊው-30 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር በብርድ፣ ሁለተኛው ሞተሩ ሲግል የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል። የጎንደር ንጋት ቀዝቃዛ ነውና ቀጠን ያለው ገመዱን ለመሳብ ይቀላል።

አሁን ከማቆሜ በፊት የነዳጁን መዝጊያ ዘግቼ ራሷ እስክትጠፋ አሠራታለሁ። ትርፉን ቤንዚን አጥብቄ በከደንሁት ጀሪካን፣ ከከሰል ምድጃ ርቆ፣ ጥላ ውስጥ አኖራለሁ፤ ቀኑንም በላዩ እጽፋለሁ።