ለአገር ቤት ጉዞ የትኞቹን ካርዶች እንያዝ?

አሜሪካ ለምንኖር ሰዎች አገር ቤት መሄድ ትልቅ ወጪ ነው። ልጆች ይዞ በትምህርት ቤት እረፍት ወይም ለገናና ለጥምቀት የሚሄድ ሰው ለትኬት ብቻ ብዙ ሺህ ዶላር ይከፍላል። ይህን ያህል ከወጣ አይቀር፣ ካርዱ በነጥብ መልክ መልሶ የሚሰጠን ነገር ቢኖር ጥሩ ነው።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልበል። የካርዳችሁን ሂሳብ በየወሩ ሙሉ በሙሉ የማትከፍሉ ከሆነ የነጥቡን ነገር ለጊዜው ተዉት። የክሬዲት ካርድ ወለድ ብዙ ጊዜ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ነጥብ የሚመልስላችሁ 1 ወይም 2 በመቶ ነው። መጀመሪያ ዕዳው ይለቅ።

ዕዳ ለሌለበት ሰው የምመክረው ሁለት ክሬዲት ካርድና አንድ ዴቢት ካርድ ነው። ከዚያ በላይ ለብዙዎቻችን ጣጣ ነው።

አንደኛው ካርድ ነጥቡ ወደ አየር መንገድ ማይል፣ ማለትም ትኬት ወደሚያዝበት የአየር መንገዱ ነጥብ፣ የሚዛወር ይሁን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የስታር አሊያንስ፣ የአየር መንገዶች ኅብረት፣ አባል ነው። ስለዚህ በዩናይትድ ወይም በኤር ካናዳ ማይል የኢትዮጵያን በረራ መያዝ ይቻላል። ብዙ ሰው የሼባማይልስ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱ ፕሮግራም፣ ማይል ከሌለው የማይሆን ይመስለዋል። እንደውም የቼዝ፣ የአሜሪካን ኤክስፕረስና የካፒታል ዋን ነጥብ ወደ ሼባማይልስ አይዛወርም። ኤሮፕላን ወደተባለው የኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራም ግን ሦስቱም ይዛወራሉ፤ የቼዝ ደግሞ ወደ ዩናይትድም ይሄዳል። የቼዙ ሳፋየር ፕሪፈርድ ወይም የካፒታል ዋኑ ቬንቸር ለዚህ ይበቃል። ሁለቱም በዓመት 95 ዶላር ያስከፍላሉ፤ ውጭ አገር ስትጠቀሙባቸው ግን ተጨማሪ አይቆርጡም።

አደራ፣ ወንበር መኖሩን ሳታረጋግጡ ነጥብ አታዛውሩ። አንዴ ከሄደ አይመለስም። በታኅሣሥና በክረምት በማይል የሚያዝ ወንበር እንደ ልብ አይገኝም። ከዋሽንግተን ደለስ ካጣችሁ ከኒዋርክ፣ ከቺካጎ ወይም ከአትላንታ ሞክሩ።

«ሻንጣ በነጻ ያስጭናል» ተብሎ የዩናይትድን ካርድ የሚያወጣም አለ። ያ ጥቅም የሚሠራው ዩናይትድ ራሱ በሚያበረው አውሮፕላን ላይ ነው። በኢትዮጵያ ስትሄዱ አይረዳችሁም። ከአሜሪካ ሲነሳ ደግሞ በተለመደው ትኬት 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ቀድሞውኑ ተፈቅደውላችኋል።

ትኬት ከአበሻ የጉዞ ወኪል የምትገዙ ከሆነ ወኪሉ ለካርድ ስንት እንደሚጨምር ጠይቁ። 3 በመቶ ከጨመረ ነጥቡን በልቶታል። ያም ሆኖ በካርድ መክፈል ሌላ ጥቅም አለው። ሳፋየርን የመሳሰሉ ካርዶች ሻንጣ ሲዘገይ ወይም ጉዞ ሲሰረዝ ካሳ የሚሰጡት ትኬቱ በካርዱ ከተከፈለ ነው። በካሽ ወይም በዜል ከከፈላችሁ ይህ ሽፋን የለም።

ሁለተኛው ካርድ ዓመታዊ ክፍያ የሌለው፣ በሁሉም ነገር ላይ 2 በመቶ የሚመልስ ይሁን። ለጤፉም፣ ለቤንዚኑም፣ ለልጆች ልብስም። ሲቲ ደብል ካሽ እና ዌልስ ፋርጎ አክቲቭ ካሽ እንዲህ ናቸው። እነዚህን ግን ይዛችሁ አትጓዙ። ውጭ አገር ሲመቱ 3 በመቶ ስለሚቆርጡ ከሚመልሱት በላይ ይወስዳሉ።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ጉዳይ ልምጣ። አንድ ጊዜ ከአገር ቤት የለቅሶ መርዶ መጣ። ሌሊት ነበር። ቶሎ ገንዘብ መላክ ነበረብኝና በመላኪያ አፑ ላይ ያገኘሁትን ክሬዲት ካርድ አስገባሁ። ነጥብም አገኛለሁ ብዬ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ባንኩ እንደ ካሽ አድቫንስ፣ ማለትም በካርድ እንደተበደርሁት ጥሬ ገንዘብ፣ ቆጥሮት አየሁ። ነጥብ የለም። የአገልግሎት ክፍያ አለ። ወለዱ ደግሞ ከላክሁበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል፤ እንደ ሌላው ግዢ የእፎይታ ጊዜ የለውም። እባካችሁ፣ ለእናት፣ ለአባት፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ የሚላክ ገንዘብ ከባንክ ሂሳብ ወይም ከዴቢት ካርድ ይሂድ። አፑ ውስጥ ክሬዲት ካርድ ካስቀመጣችሁ ዛሬውኑ አውጡት። በድንጋጤ ሰዓት ሰው ማየት አይችልም።

አዲስ አበባ ከገባችሁ በኋላ የክሬዲት ካርድ ቦታው ጠባብ ነው። ትልልቅ ሆቴሎች ይቀበላሉ። ታክሲው፣ ሱቁና ገበያው በካሽ ወይም በቴሌብር ነው። ለዚህ ነው ዴቢት ካርዱን የምፈልገው። የቻርልስ ሽዋብ ዴቢት ካርድ ኤቲኤሙ የሚቆርጠውን ክፍያ ይመልሳል። ድሮ ከኤቲኤም ብር ማውጣት ያስቆጭ ነበር፤ የባንኩና የጥቁር ገበያው ምንዛሪ በጣም ይራራቅ ነበርና። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ልዩነቱ እንደ ድሮው አይደለም። ማሽኑ «በዶላር ወይስ በብር?» ብሎ ከጠየቃችሁ ብርን ምረጡ። ዶላርን ከመረጣችሁ ምንዛሪውን የሚያወጣው ማሽኑ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይጎዳችኋል።

ከመነሳታችሁ በፊት የሁለቱንም ክሬዲት ካርዶች አውቶፔይ፣ ሂሳቡ በራሱ እንዲከፈል የሚያደርገውን፣ አብሩ። ባንኩ የሚልከው የማረጋገጫ ኮድ ወደ አሜሪካ ስልካችሁ ነው የሚመጣው፤ ያ ስልክ ቦሌ ስትደርሱ ላይሠራ ስለሚችል ገብቶ መክፈል ያስቸግራል። አንድ ወር ቆይታችሁ ስትመለሱ ያለፈ ክፍያና ቅጣት እንዳይጠብቃችሁ።