የመኪና ቴፕ ቀይራችሁ ችግር ገጥሟችኋል? መጀመሪያ ሶኬቱን እዩ

ሰሞኑን ከጎንደር አዘዞ አንድ ቶዮታ ቪትዝ መጣልኝ። ልጁ አዲስ ቴፕ ገዝቶ ራሱ ገጥሞታል፤ አልበራም። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ቀለም በቀለም ነው ያገናኘሁት። ቢጫውን ከቢጫ፣ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር» አለኝ። ችግሩን ራሱ ነገረኝ ማለት ነው።

ከገበያ የምንገዛው ቴፕ የራሱ ቀለም አለው። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ ቀጥታ ኃይል የሚፈልግ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኝ፣ ጥቁሩ ደግሞ ማሳ ነው፤ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ መስመር። የቶዮታ ሶኬት ግን ሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው። በአብዛኞቹ ከጃፓን የመጡ ቶዮታዎች ላይ ጥቁርና ቢጫ የኋላ ግራ ስፒከር ናቸው፤ ቀይና ነጭ የኋላ ቀኝ። የባትሪው ቀጥታ መስመር ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ ሰረዝ ያለበት ነው። የቁልፉ ግራጫ፣ ማሳው ቡናማ ነው። ልጁ ቴፑን ከስፒከር ጋር አስሮ ኃይል ሲጠብቅ ነበር።

ደግነቱ ግራጫውን ገና አልነካውም። በቴፑ በኩል ግራጫ የፊት ቀኝ ስፒከር ነው። ከመኪናው ግራጫ ጋር ቢያገናኘው ኖሮ ቁልፉን ሲያዞር 12 ቮልት በስፒከሩ መውጫ ይገባና የቴፑ አምፕሊፋየር (ድምፅ የሚያጎላው ክፍል) ሊቃጠል ይችል ነበር። ቀለም የሚታመነው በአንድ ወገን ብቻ ነው።

መፍትሄው በጣም ቀላል ነው። በአንድ በኩል የመኪናችሁን ሶኬት የሚቀበል፣ በሌላ በኩል ከቴፑ ገመድ ጋር የሚታሰር ማገናኛ ሶኬት ግዙ። ፒያሳ ወርዳችሁ «የቶዮታ ሶኬት ስጠኝ» ብቻ አትበሉ። ነባሩን ቴፕ ፍቱና ከጀርባው የሚገባውን ሶኬት ፎቶ አንሱ፤ ጥርሶቹንም ቁጠሩ። የቪትዝና የድሮ ኮሮላ ብዙ ጊዜ ሁለት ሶኬት ነው፤ አንዱ 10፣ ሌላው 6 ጥርስ። የሱዙኪ ዲዛየር ሌላ ነው፤ አዳዲስ ቶዮታዎችም ይለያሉ። ባለሱቁ «ይገባል» ቢላችሁም እዚያው ከፎቶው ጋር አስተያዩት።

ከመንካታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ አውልቁ። ለመለካት ብቻ መልሳችሁ ትሰኩታላችሁ።

ሞተር ባጠፋችሁ ቁጥር ሰዓቱና ጣቢያው ይጠፋል

ቢጫና ቀይ ተቀያይረዋል፣ ወይም ሁለቱም ከቁልፉ መስመር ጋር ታስረዋል። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ውሰዱ። ቁልፉን ንቀሉና ለኩ፤ ያኔም 12 ቮልት አካባቢ የሚያሳየው ቀጥታው መስመር ነው፣ ከቢጫው ጋር እሰሩት። ቁልፉን አንድ ደረጃ ስታዞሩ ብቻ የሚመጣው የቀዩ ነው።

ጠዋት መኪናው አይነሳም

ይህ ከላይ ያለው ችግር ተቃራኒ ነው። ሰው ይቸኩልና ቀይና ቢጫን አንድ ላይ ጠምዝዞ ከባትሪ መስመር ጋር ያስራል። ቴፑ ይሰራል፣ ደስ ይላል። ግን ቁልፍ ሲነቀል አይጠፋም፤ በአዝራር ካላጠፋችሁት ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ይበላል። ለይታችሁ እሰሩ።

ይበራል፣ ድምፅ ግን የለም፤ «ፕሮቴክት» የሚል ጽሑፍ ይወጣል

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ቴፕ የሚገድለው ይህ ነው። የዛሬ ቴፖች በሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ላይ ኃይል ይልካሉ። ስለዚህ ሰረዝ ያለበት «ኔጌቲቭ» የሚባለው የስፒከር ሽቦ ማሳ አይደለም። ከመኪናው ብረት ጋር ከተነካካ ወይም የአራቱን ስፒከሮች ኔጌቲቭ አንድ ላይ ካሰራችኋቸው ቴፑ ራሱን ለመከላከል ይዘጋል። የስፒከር ሽቦዎቹን ሁሉ ከቴፑ ንቀሉና አብሩት። ጽሑፉ ከጠፋ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው፤ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ የትኛው እንደሚያስቆጣው እዩ። ብዙ ጊዜ በር ውስጥ ተልጦ ብረት የነካ ሽቦ ታገኛላችሁ።

ድምፅ አለ፣ ቤዝ ግን ቀጭን ነው

የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገልብጧል። አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቤዙም ይጠፋል። ሽቦዎቹን ከቴፑ ንቀሉና የ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ብቻ አስነኳቸው። ስፒከሩ «ተክ» ብሎ ወደ ውጭ ከወጣ፣ የድንጋዩን ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው።

ነዳጅ ስትሰጡ አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ

የዲናሞ ድምፅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የላላ ማሳ ነው። ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ያሰራችሁት ብሎን በደንብ አይነካም። ቀለሙን ፍቃችሁ እሰሩት፣ ወይም ወደ ሶኬቱ ማሳ መልሱት።

ሬዲዮው ጥሩ አይዝም

የአንቴናው ሶኬት በደንብ መግባቱን እዩ። መኪናው ኃይል የሚፈልግ አንቴና ካለው የቴፑን ሰማያዊ ሽቦ ማገናኘት ይረሳል። የቴፑን የአገር ምርጫም ተመልከቱ። ጃፓን ላይ ከሆነ የጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 ጀምሮ ቢበዛ 95 አካባቢ ስለሚያበቃ እኛ ጋ እስከ 108 ያሉትን ጣቢያዎች ሁሉ አይደርስባቸውም። አውሮፓ ላይ አድርጉት።

ወደ መተማ የምትመላለሱ የጭነት መኪና ሹፌሮች ደግሞ ከሶኬት በፊት ቮልቱን ለኩ። ሁለት ባትሪ በተከታታይ የታሰረለት መኪና 24 ቮልት ነው፤ የ12 ቮልት ቴፕ ያለ መቀነሻ አይታሰርበትም።

ነባሩን ሶኬት ቀድማችሁ ቆርጣችሁት ከሆነ ሽቦዎቹን በየተራ ለክታችሁ ለዩ፤ በእርሳስ በይዱና በሙቀት የሚጠብ ላስቲክ አልብሷቸው። ጠምዝዞ ፕላስተር መጠቅለል አይበቃም፤ በቆላው ሙቀት ሙጫው ይቀልጥና ሽቦው ይራቆታል። የተቆረጠው ሶኬትም ካለ አትጣሉት፤ ጭራ ሽቦ ከቀረለት መልሶ ይበየዳል።