ትልቁን የስካውት ሽልማት ለማግኘት፦ በአዲስ አበባ ዳር ለምትኖሩ ወጣቶች

በስካውት ቡድናችን ውስጥ ዕድሜያቸው ከፍ ያሉ ልጆች አዘውትረው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። "ትልቁ ሽልማት የትኛው ነው? እንዴትስ ይገኛል?" ይላሉ። ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ ስለ ኢግል ስካውት አንብበዋል። ኢግል ስካውት የአሜሪካ ስካውቶች ከፍተኛ ማዕረግ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። 21 የሙያ ባጆች ይፈልጋል፤ መስፈርቱም 18 ዓመት ሳይሞላ መጠናቀቅ አለበት። የእንግሊዞቹ ደግሞ ኪንግስ ስካውት ይባላል። ሁለቱም የየአገራቸው ናቸው።

እዚህ ያለ ወጣት ሊይዘው የሚችለው የዓለም ስካውት ድርጅት ያዘጋጀው ስካውትስ ኦፍ ዘ ወርልድ አዋርድ ነው። ከ15 እስከ 26 ዓመት ላሉ ወጣቶች የተዘጋጀ ነው። ሦስት መስኮች አሉት፦ አካባቢ፣ ልማትና ሰላም። መጀመሪያ አንድ ችግር ታጠናላችሁ። ቀጥሎ ቢያንስ 80 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ትሰጣላችሁ። በመጨረሻ የሠራችሁትን ገምግማችሁ ለሌሎች ታካፍላላችሁ። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ሥራው ውስጥ ሲገባ ግን አንዳንዱ ደረጃ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ የሚከብደው ላይ ቆም ብዬ እጽፋለሁ፣ ቀላሉን በአጭሩ አልፋለሁ። ምሳሌዬ የቦረቦር፣ ማለትም ጎርፍ መሬቱን ቆርጦ ያወጣው ቦይ፣ ሥራ ነው፤ በከተማው ዳር ብዙ ሰፈር ያለው ችግር እሱ ስለሆነ።

1. መመዝገብና አማካሪ መያዝ

የቡድን መሪያችሁን አነጋግሩ። በእሱ በኩል የስካውት ማህበሩን ወቅታዊ ቅጽና መመሪያ ጠይቁ። መመሪያው ስለሚሻሻል ከኢንተርኔት ባወረዳችሁት አሮጌ ፋይል አትጀምሩ። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር። ለመስክ ሥራ ስትወጡ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ አብሯችሁ ይሁን። ይሄ ለድርድር አይቀርብም።

2. ችግሩን መምረጥ

ሁሉም ነገር የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ወጣት ገና ሳይጀምር "ችግኝ እንተክላለን" ብሎ ወስኖ ይመጣል። ችግኝ መትከል ጥሩ ነው። ነገር ግን መልሱ ከጥያቄው ከቀደመ አገልግሎቱ ለሰፈሩ ሳይሆን ለቅጹ ይሆናል።

ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ጀሞ ብትኖሩ ሰፈሩን በእግር ዙሩት። አንዴ በበጋ፣ አንዴ ዝናብ እየዘነበ። በበጋ የምታዩት ደረቅ ቦይ በሐምሌ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ሰው ጠይቁ። የኮንዶሚኒየሙን ጥበቃ፣ ጉልት የምትሸጠውን እናት፣ ከብት የሚያግደውን ልጅ፣ ቆራሌውን። ቆራሌው በየበሩ ስለሚዞር ሰፈሩን ከኮሚቴው በላይ ያውቀዋል።

አጠያየቁ ወሳኝ ነው። "እዚህ ሰፈር ምን ችግር አለ?" ካላችሁ መልሱ ያው ነው፦ ውሃ፣ መብራት፣ ትራንስፖርት። እውነት ነው፣ ግን እናንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥታችሁ የምትፈቱት አይደለም። ይልቅ "ባለፈው ክረምት ምን ተቸገራችሁ?" በሉ። ያን ጊዜ ወሬው ይለወጣል። "ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ ያቺን ቦይ መሻገር አቅቷት ተመለሰች" የሚል ይመጣል። ቦታ አለው፣ ጊዜ አለው፣ የተጎዳ ሰው አለው። እንዲህ ያለ ችግር ነው የምትፈልጉት።

ደግሞ ደብተርና ሜትር ይዛችሁ አትጀምሩ። በከተማ ዳር መሬት የሚለካ ሰው ሲታይ ሰው ይደነግጣል። ፈረሳ መጣ ወይ፣ ካሳ ሊባል ነው ወይ ብሎ ያስባል። ጭንቀቱ እውነተኛ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የእርሻ መሬቱ ከተማ ሲሆን አይቷል። ስካርፋችሁን አድርጉ፣ ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ፣ ቡና ከተጋበዛችሁ ቁጭ በሉ። ነባሩ ነዋሪ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነ "አከም ጅርቱ" ብላችሁ ግቡ፣ ቋንቋውን የሚችል ልጅም ከመካከላችሁ ይኑር። ሜትሩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይደርሳል።

ቡድኑን ራሱን ቀላቅሉት። የስካውት መሥራች ባደን-ፓወል በ1907 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ብራውንሲ ደሴት ባዘጋጀው የመጀመሪያ የስካውት ካምፕ የሀብታም ትምህርት ቤት ልጆችንና የሠራተኛ ሰፈር ልጆችን አንድ ላይ ነበር ያሰፈራቸው። እኛም ጋ የኮንዶሚኒየሙ ልጅና የገበሬው ልጅ አንድ መንገድ እየሄዱ ሳይተዋወቁ ያድጋሉ። አንድ ቦረቦር ላይ አብረው ድንጋይ ካቀበሉ ይተዋወቃሉ። ይህ ለእኔ ከሽልማቱ እኩል ነው።

ችግሩን ከመረጣችሁ በኋላ መነሻውን ፈልጉ። ቦረቦር ከሆነ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ብዙ ጊዜ ከላይ ያሉት ጣሪያዎችና አስፋልቱ የሰበሰቡት ውሃ በአንድ ቦይ ተጠራቅሞ ክፍት መሬት ላይ ይለቀቃል። መሬቱ ሣር ከሌለው ይቆረጣል። እንዲህ ከሆነ ችግኝ ብቻውን አያድነውም። የመጀመሪያው ዶፍ ከነሥሩ ይዞት ይሄዳል።

3. ፈቃድ

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ እድሩ ነው። የእድሩ ሊቀመንበር ከተቀበላችሁ ሰፈሩ ተቀበላችሁ ማለት ነው። ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ ጠይቁ። ጋሼ፣ እትዬ እያላችሁ በትህትና አስረዱ። ገንዘብ አትጠይቁ፤ ዶማ፣ አካፋና ጀሪካን ለምኑ። እድር ያለው ዕቃ እኮ ድንኳንና ወንበር ብቻ አይደለም። ደግሞ በዚያ ስብሰባ ላይ "ያ ቦታ የእገሌ ነው" የሚል ሰው ይነሳል። እሱን መስማት ግድ ነው። በከተማ ዳር ባዶ የሚመስል መሬት ሁሉ ባዶ አይደለም።

ቀጥሎ ወረዳ ነው። ከቡድናችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ቁጥሩን ያዙ፣ ቀሪው ላይ "ደርሶናል" የሚል ማህተም አስመቱ። በቃል "ሂዱ ሥሩ" መባል ፈቃድ አይደለም። አንድ ክረምት ቡድናችን በአንድ ቢሮ ውስጥ በቃል ተፈቅዶለት ሜዳ ላይ ችግኝ ተከለ። ጥቂት ቆይቶ ዶዘር መጣና ቦታውን ለግንባታ ጠረገው። ልጆቹ ቆመው አለቀሱ። የፈቀደው ሰው ተዛውሯል፣ ወረቀት የለም፣ የሚጠየቅ የለም። ከዚያ ወዲህ ማህተም ያለው ወረቀት ሳንይዝ አንድ ጉድጓድ አንቆፍርም። ጥያቄያችሁም ግልጽ ይሁን፦ "ይህ ቦታ በሚቀጥሉት ዓመታት ለሌላ ሥራ ተይዟል ወይ?"

4. 80 ሰዓቱን ማከፋፈል

ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብትሠሩ 40 ቅዳሜ ነው። ከፈተናና ከበዓላት ጋር አንድ ዓመት ይጠጋል። እኔ የምመክረው ይህን ነው። በሁለት ሳምንት አጥብቆ መጨረስም ይቻላል፣ ግን ለቦረቦር አይሆንም። መሬት በሁለት ሳምንት አይድንም።

ሰዓቱን በዕለቱ መዝግቡ። በደብተር። ቀን፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ የተሠራው፣ የአማካሪ ፊርማ። ስልክ ላይ የሚመዘገበውን አልወደውም፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ይሰበራል። ፎቶ ግን በስልክ አንሱ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ። ለውጡ የሚታየው እንደዚያ ነው።

5. ሥራው

አስቀድሜ ማስጠንቀቂያ። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ወይም ግድግዳው የሚናድ ቦረቦር የስካውት ሥራ አይደለም። ለወረዳው አሳውቁና ሌላ ምረጡ። ማንም ልጅ ከተቆረጠ ግድግዳ ሥር አይቀመጥ።

ትንሹን ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ሥሩ። ከታች የጀመረ ሰው የላዩ ጎርፍ ያፈርስበታል። ቦዩን አቋርጣችሁ ድንጋይ ደርድሩ፣ ወይም በማዳበሪያ ጆንያ አፈር ሞልታችሁ አነባብሩ። መሃሉ ከዳርና ከዳሩ ዝቅ ማለት አለበት። ውሃው በመሃል ካልተሻገረ በጎን ዞሮ አዲስ ቦይ ይቆርጣል። እንዲህ የተደረደረ ብዙ እርከን የሚፈርሰው በዚህ ነው። በእርከኖቹ መካከል ያለውን ርቀት ለመወሰን የታችኛው እርከን አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ይሁን። ይህን ዓይን አይችለውም። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ የተሞላ ቀጭን ግልጽ ቱቦ ተዋሱ።

እርከኑ ጀርባ አፈር ሲያዝ ደሾ ሣር ትከሉበት። የአገራችን ሣር ነው፣ አፈር አጥብቆ ይይዛል፣ ታጭዶም ለከብት ይሆናል። ከብት ያለው ጎረቤት ሣሩን ከወደደው ጥበቃ አገኛችሁ ማለት ነው።

ዛፉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍሩ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ይበቃል። የላዩን ጥቁር አፈር ለብቻ አስቀምጡና ስትተክሉ ከሥር መልሱት። ከችግኝ ጣቢያ ረጅሙን አትምረጡ፤ አጭር ሆኖ ግንዱ ወፈር ያለው ይሻላል። ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡት። ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ብዙ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። ዓይነቱ የሀበሻ ጥድ፣ ወይራ ወይም ኮሶ ቢሆን እመርጣለሁ። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን መጥቶ ለከተማዋ ማገዶና አጣና ሆኗታል፣ ባለውለታ ነው። ነገር ግን ውሃ በጣም ይጠጣል፣ ከሥሩም ሣር እንደልብ አይበቅልም። ለቦረቦርና ለምንጭ ዳር አይሆንም።

አሁን ዋናው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ በሐምሌ ችግኝም ሰውም አይጠፋም። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ችግኝ የሚሞተው ግን ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው፣ ሰው በሌለበት። ስለዚህ ከ80 ሰዓታችሁ ቢያንስ ግማሹን ለበጋው አስቀሩ። በመስከረምና በጥቅምት አረሙን ንቀሉ፣ ሥሩን በደረቅ ሣር ሸፍኑ። በእሾህ አጥሩ፤ ፍየል አንድ ጠዋት ይበቃታል። ከኅዳር ጀምሮ ውሃ አጠጡ። ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ ብሱና ውሃ ሞልታችሁ ችግኙ አጠገብ በአፉ ትከሉት። ቀስ እያለ ይንጠባጠባል፤ ከጀሪካን ከማፍሰስ ውሃ ይቆጥባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልብስ የታጠበበት ውሃ በረኪና ካለው አትጠቀሙ።

6. መገምገም፣ ማካፈልና ማስረከብ

ሪፖርታችሁ አጭር ይሁን። ችግሩ፣ መነሻው፣ የተሠራው፣ የጸደቀው፣ የደረቀው። የደረቀውን አትደብቁ። ገምጋሚው የሚፈልገው ምን እንደተማራችሁ ነው፤ "ሁሉም ጸድቋል" የሚል ሪፖርት ደግሞ ጥርጣሬ ይጋብዛል። መጀመሪያ የጠየቃችኋቸውን ሰዎች ተመልሳችሁ ጠይቁ፦ "ዘንድሮ ክረምት ያ መንገድ እንዴት ነበር?" መልሳቸውን በራሳቸው አነጋገር ጻፉ።

ማካፈሉን በእድሩ ስብሰባና በትምህርት ቤታችሁ የሰልፍ ሰዓት ላይ ማድረግ ይቻላል። ለማህበሩ ሪፖርቱን ስትልኩ ሁለተኛውን ኮፒ ለእድሩ ስጡ። ከእሱ ጋር የማጠጫ ተራ የተጻፈበት ወረቀት ይኑር፦ በየሳምንቱ ማን፣ ከየትኛው ቧንቧ፣ በስንት ጀሪካን። ተራው ላይ ከቡድናችሁ ገና 15 ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ስም አስገቡ። በሚቀጥለው ዓመት እነሱ የራሳቸውን 80 ሰዓት ሲጀምሩ ሰፈሩም ሥራውም አዲስ አይሆንባቸውም።