አሜሪካን በአሥር ሜትር ሲባጎ፦ የክፍል ውስጥ ጉዞ እንዴት ይመራል?

ስለ አሜሪካ ከተሞች ማስተማር ቀላል ይመስላል። ስማቸውን የማያውቅ ልጅ የለም። ብዙው ዲሲ ወይ ዳላስ ዘመድ አለው። ግን ጎንደር ላይ አንድ ሰባተኛ ክፍል ግቡና «ከኒው ዮርክ ዋሽንግተን ምን ያህል ያስኬዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ «በአውሮፕላን ካልሆነ አይደረስም» ይላል። ሌላው «ከፒያሳ አዘዞ በሉት» ይላል፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ማለቱ ነው። ስሙ አለ፣ መጠኑ የለም።

ማኅበራዊ ሳይንስ ነው የማስተምረው። ልጆቹን ክፍል ውስጥ እንዳሉ፣ ግድግዳ ላይ በተዘረጋ ሲባጎ፣ ከኒው ዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ በምናብ እወስዳቸዋለሁ። ጉዞውን የማስኬደው በአንድ ደንብ ነው። አሜሪካ ውስጥ የምናየው ነገር ሁሉ በጎንደር ይለካል። ርቀቱም፣ ከፍታውም፣ ዕድሜውም፣ ሰዓቱም። በጎንደር ያልተለካ ነገር ደብተር ላይ አይሰፍርም። እንዲህ ካልሆነ ልጆቹ የፎቅ ፎቶ አይተው ይወጣሉ፣ በቃ።

መጀመሪያ ሲባጎው

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ከአሥር ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ሲባጎ፣ ቀይ ክር፣ ማስመሪያ፣ የካርቶን ቁርጥራጭ፣ ማርከርና ጥቂት ሚስማር። ፕሮጀክተር አልጠቀስኩም። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚቆም ጉዞ ባይጀመር ይሻላል። ካርታውን ቤት ሆናችሁ ስልካችሁ ላይ እዩና ርቀቶቹን በወረቀት ገልብጣችሁ ኑ።

አንድ ሴንቲ ሜትር በአምስት ኪሎ ሜትር ይያዝ። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 36 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ልክ ሌላ ክር ቁረጡና ለአንድ ልጅ ስጡት። የክፍሉ መለኪያ እሱ ነው። ያንን መንገድ የሚያውቅ ልጅ አይጠፋም። አዲስ ዘመን ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም፣ ወረታ ላይ ምን እንደሚበላ ያወራላችኋል። ይተርክ፣ አታቋርጡት። ጓደኞቹ 36 ሴንቲ ሜትር ምን ያህል እንደሚያደክም የሚገባቸው ያኔ ነው።

መንገዳችን እንዲህ ነው። ከኒው ዮርክ ፊላዴልፊያ 150 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ዋሽንግተን 220፣ ቺካጎ 1,120፣ ሴንት ሉዊስ 480፣ ሳንታ ፌ 1,660፣ ሎስ አንጀለስ 1,370። ሁሉም በግምት ነው፣ ድምሩ 5,000 አካባቢ ይመጣል። ሲባጎው ላይ ከተሞቹ በ30፣ በ74፣ በ298፣ በ394 እና በ726 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋሉ። ሎስ አንጀለስ አሥር ሜትሩ ላይ ናት። ሲባጎውን ራሱን አትቋጥሩት፣ ቋጠሮ ርዝመት ይበላል። ቀይ ክር እሰሩበት። የከተማውን ስም ካርቶን ላይ ጽፋችሁ ከሥሩ አንጠልጥሉ።

ከጥቁር ሰሌዳው ጥግ አስነስታችሁ በመስኮቱ በኩል አዙሩት። ልጆቹ ወዲያው የሚያዩት ሦስቱ የምሥራቅ ከተሞች አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተው መቀመጣቸውን ነው። ከሴንት ሉዊስ ወዲያ ደግሞ ከሦስት ሜትር በላይ ምንም የለም። «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ሰው አይኖርም እንዴ?» የሚል ይመጣል። ይኖራል። በመሀል ኦክላሆማ አለች፣ ስንዴና ከብት። ግን ጥያቄው ከሲባጎው መምጣቱ ደስ ይላል። ከመጽሐፍ ቢያነቡት አይጠይቁትም ነበር።

መኪናውና ሰዎቹ

መኪናውን ልጆቹ ይምረጡ። እኛ ጋ ሁልጊዜ አባዱላ ያሸንፋል። ሃምሳ ልጅ አባዱላ ውስጥ እንዴት ይገባል ብላችሁ አትከራከሩ፣ እነሱ ሲገባ አይተዋል።

ክፍሉን በሰባት ቡድን ክፈሉት፣ ለእያንዳንዱ አንድ ከተማ። የደረስንበት ከተማ ቡድን እንግዳ ተቀባይ ይሆናል። ከቀሩት ውስጥ ሹፌር፣ ረዳትና ትራፊክ ፖሊስ ይመረጣል፣ በየከተማው ይቀያየራል። ሹፌሩ ሰዓት ያሰላል። እዚያ ምልክቱ በማይል ስለሆነ፣ 65 የሚል ሲያይ በ1.6 አባዝቶ 104 ኪሎ ሜትር ማለቱ የእሱ ሥራ ነው። ረዳቱ ነዳጅ ይቆጥራል። መኪናው በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል 500 ሊትር ይጠጣል። የአሜሪካ ጋሎን 3.8 ሊትር ገደማ ስለሆነ 132 ጋሎን አካባቢ ነው። የሰሞኑን ዋጋ እዚያ ዘመድ ያለው ልጅ ጠይቆ ይምጣ።

ትራፊኩ ከተማው መግቢያ ላይ ቆሞ ስላለፈው ከተማ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ካልተመለሰ አያሳልፍም። ይህን ቦታ ዝም ለሚል ልጅ ስጡት። ሥልጣን ሲይዝ ድምፁ ይወጣል። ረዳትነት ግን ለጯሂ ነው። «የቺካጎ! የቺካጎ! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ካልጠራ ጉዞው አይጥምም።

ሰዓቱን ቀድማችሁ ጨርሱ

ይህ ካልተፈታ በየከተማው ያስቸግራል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ እኛ ከኒው ዮርክ 8 ሰዓት እንቀድማለን፣ ከሎስ አንጀለስ 11። በሌላው ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ይቀንሳል። በኅዳር ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ሰልፍ ላይ ቆመን ነው እንበል። ኒው ዮርክ ላይ እኩለ ሌሊት ነው። ቺካጎና ሴንት ሉዊስ እሑድ ከሌሊቱ 5 ሰዓት፣ ሳንታ ፌ 4፣ ሎስ አንጀለስ ገና ከምሽቱ 3። በራሳችን አቆጣጠር አሰሯቸው፣ ወደ ፈረንጁ የሚገለበጠው በመጨረሻ ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ ከሞከራችሁ ክፍሉ ይበጠበጣል።

ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ ልጆቹ ሰባት ወይ ስምንት ቀንሰው ጎን ለጎን ይጻፉ።

በየከተማው ምን ይደረግ?

ኒው ዮርክ ላይ ስለ ፎቆቹ ብዙ አትድከሙ፣ ያውቋቸዋል። እኔ የምጀምረው ከ1664 ነው። ከተማዋን ሆላንዶች ኒው አምስተርዳም ብለው ቆርቁረዋት ነበር። በዚያ ዓመት እንግሊዞች ወሰዷትና ኒው ዮርክ አሏት። ያኔ ጎንደር ላይ ማን ነበረ? አፄ ፋሲል በሕይወት ነበሩ፣ ያረፉት በ1667 ነው። ግንቡ ቆሟል። ልጆቹ «እኛ እንቀድማለን ማለት ነው?» ብለው ቀና ይላሉ። ትንሽ ይኩሩ፣ ሳንታ ፌ ላይ ይስተካከላል። ካርታው ላይ ቦስተንን ያየ ልጅ ካለ ደግሞ ጎኗ ያለው ሃርቫርድ የተመሠረተው በ1636 መሆኑን ንገሩት። ጎንደር መናገሻ ሆነች የሚባልበት ዓመት ነው።

ፊላዴልፊያ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃታል። የነፃነት አዋጁ በጁላይ 1776 የታወጀው እዚያ ነው። የተሰነጠቀው ደወልም እዚያ ነው። በጎንደር ሚዛን፦ ጀምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ጎንደር የገባው በ1770 ነው። ማለትም አሜሪካ የምትባል ነፃ አገር ሳትኖር የጎንደርን ቤተ መንግሥት ያየ ፈረንጅ ነበር።

ዋሽንግተን ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «አክስቴ እዚያ ናት» የሚለው ልጅ ብዙ ነው፣ ማንም የሌለው ልጅ ደግሞ አንገቱን ይደፋል። ነገሩ ሳታውቁት የዲቪ ወሬ ይሆናል። እኔ የዘመድ ቤትና መኪና ፎቶ ክፍል አላስገባም። የድምፅ መልእክት ግን እቀበላለሁ፣ ጥያቄው የክፍሉ ሁሉ ከሆነ። ለምሳሌ «ዛሬ ጠዋት ስንት ዲግሪ ነበር?» በጥር «40 ነው» የሚል መልስ ሲመጣ ልጆቹ መተማ ይመስላቸዋል። እዚያ የሚለካው በፋራናይት ስለሆነ፣ 32 ቀንሰው ለ1.8 ሲያካፍሉ በእኛ ሴልሺየስ 4 ዲግሪ ተኩል አይሞላም። ያ ሳቅ ከአንድ ገጽ ማስታወሻ ይበልጣል።

እዚያው ከተማ ያለውን የዋሽንግተን ሐውልት አሳዩአቸው። ቁመቱ 169 ሜትር ነው። አንድ ትልቅ ፎቶ አምጡና ከታች ወደ ላይ በጣት ይከተሉት። ከሩቡ ትንሽ ከፍ ሲል የድንጋዩ ቀለም ይለወጣል። ሥራው በ1854 ገንዘብ አጥቶ ቆመ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱም መጣ፣ እንደገና የተጀመረው በ1879 ነው። ድንጋዩ ከሌላ ካባ መጣ፣ ቀለሙ አልገጠመም። ከዚያ ልጆቹን ቅዳሜ ፋሲል ግቢ ላኳቸው፣ የታደሰውን ግድግዳ ከጥንቱ በዓይናቸው ይለዩ። ይህን የቤት ሥራ ሳይሠራ የሚመጣ ልጅ እምብዛም ነው።

ቺካጎ ላይ ቆዩ። በ1871 ከተማዋን እሳት በላት፣ መቶ ሺህ ያህል ሰው ቤት አጣ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ላይ መሥራት የያዙት። ግን የእኔን ተማሪዎች የሚይዛቸው ወንዙ ነው። የቺካጎ ወንዝ ወደ ሚቺጋን ሐይቅ ይፈስ ነበር። የከተማው ቆሻሻ በወንዙ፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ፣ የሚጠጣው ውኃ ደግሞ ከሐይቁ። በ1900 ቦይ ቆፍረው ወንዙን ወደ ኋላ አዞሩት። እዚህ ላይ ቁሙና ጠይቁ፦ የእኛ ቀሃና አንገረብ ወዴት ይሄዳሉ? በመገጭ አድርገው ጣና። ቀሃ ዳር የሚጣለውስ? ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራል። እኔ ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ወንዞች ጎን ለጎን እሥልና ቾኩን ለእነሱ እሰጣለሁ። ስፋት መለካት ለሚወድ ደግሞ፦ ሚቺጋን ወደ 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ጣና ከ3,000 ጥቂት የሚበልጥ። ስንት ጣና ይገባል?

ሴንት ሉዊስ ለምሳ ማረፊያ ናት። ሚሲሲፒ ወንዝና በ1965 የቆመው ቅስት፣ ከፍታውም ስፋቱም 192 ሜትር። እለፏት።

ሳንታ ፌን አብዛኛው መምህር ይዘላታል፣ ስሟም አይታወቅም። እኔ ብትቀር ጉዞውን አልሄድም። ስፔኖች የቆረቆሯት በ1610 ነው። ስለዚህ ጎንደርን ትበልጣለች፣ የኒው ዮርኩ ኩራት እዚህ ይበርዳል። የገዥዎቹ ቤተ መንግሥት የተሠራው ከጭቃ ጡብ ነው። ጭቃና ጭድ ተቦክቶ ፀሐይ ላይ ደርቆ። ልጆቹ አሜሪካ ውስጥ የጭቃ ቤት አለ ሲባሉ አያምኑም፣ ፎቶ ያዙላቸው። ከፍታዋም ወደ 2,190 ሜትር ነው፣ እኛም ከ2,100 በላይ ነን። ቀን ፀሐይ፣ ማታ ብርድ። በዚያውም ላይ ዴንቨር የምትባለው፣ በከፍታዋ የምትታወቀው ከተማ፣ 1,609 ሜትር ላይ መሆኗን ጣል አድርጉ። ጎንደሬ ወደ ዴንቨር ይወርዳል እንጂ አይወጣም።

ሎስ አንጀለስ ስንደርስ ሁሉም ሆሊውድ ይላል። አሳዩአቸውና ወደ ፌርፋክስ ጎዳና ውሰዷቸው። በ2002 ከተማው ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው ሠፈር እዚያ አለ። ከዚያ ፓስፊክ፣ መንገዱ አለቀ።

ማርክ አሰጣጥ

ፈተና አላወጣም። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ የጉዞ ማስታወሻ ያስገባል፣ ከአሥር ይታረማል። የጎንደር መለኪያ የሌለበት ዓረፍተ ነገር ነጥብ አያገኝም። «ቺካጎ ትልቅ ከተማ ናት» ዜሮ ነው። «ከዋሽንግተን ቺካጎ ከጎንደር ባሕር ዳር ስድስት ጊዜ እንደ መሄድ ነው» ሁለት ነጥብ ነው።

የቀረ ልጅ ካለ ከየትም ከተማ ይሳፈራል። ሒሳቡን ግን ለረዳቱ ይከፍላል፦ ያመለጡትን ከተሞች ከጓደኛው ደብተር አንብቦ፣ ቆሞ ለክፍሉ ይተርካል። ካልተረከ መልስ የለውም።