ፔጆ 404 ሲያጨስ፣ ሲግል፣ ሲያንኳኳ፦ በትንሽ ብር ሞተር ማደስ

ሐረር ላይ ፔጆ 404 የማያውቅ ሰው የለም። ፈረንሳይ ውስጥ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የተመረተው ይህ መኪና ለሐረር ታክሲዋ ነበር። አሁን ባጃጅ ቦታውን ወስዶበታል። ቢሆንም በየግቢው ሸራ ለብሶ የቆመ፣ «ሞተሩ አልቋል» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ አይጠፋም።

ችግሩ «አልቋል» ማለት ምርመራ አለመሆኑ ነው። ምኑ ነው ያለቀው? ይህን ሳያውቅ ሞተር የሚያወርድ ሰው፣ የ1 ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ችግር ላይ የሙሉ እድሳት ብር ያፈሳል። (የድሬ ልጅ አንቱታ ስለማይሆንለት፣ አንተ እያልኩ ልቀጥል።)

መፍቻ ከማንሳትህ በፊት

ኮምፕረሽን (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) መለኪያ ግዛ ወይም ተዋስ። ሞተሩን አሙቅ፣ አራቱንም ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪ) ፍታ፣ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጠህ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዙር። ባትሪው ደካማ ከሆነ ልኬቱ ይዋሻል።

ሐረርና ድሬዳዋ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር አትጠብቅ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ናቸው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ድሬ ላይ 10 ባር ያሳየ ሲሊንደር ሐረር ላይ 9 ምናምን ቢያሳይ ምንም አልሆነም። መታየት ያለበት በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከ15 በመቶ በላይ ከወረደ እሱ ጋ ጉዳይ አለ።

በወረደው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምር። ሞተሩ 45 ዲግሪ ወደ ጎን የተጋደመ ስለሆነ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይተኛል፤ ትንሽ አዙረውና ከዚያ ለካ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ተበልቷል። ካልተነቃነቀ ቫልቩ አይዘጋም ማለት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ (ከብሎኩ በላይ ያለው የሞተር ራስ) ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል።

ሰማያዊ ጭስ

መቼ ነው የሚያጨሰው? ከሐረር ወደ ድሬ የደንገጎን ቁልቁለት በማርሽ ይዘህ ወርደህ፣ ታች ቤንዚን ስትሰጠው ጅራቱ ላይ ሰማያዊ ደመና ከወጣ፣ ዘይቱ የሚገባው በቫልቭ ጓይድ (ቫልቩ በሚንሸራተትበት ቱቦ) ነው። ቴስታታውን ብቻ አውርደህ ጓይድ ማስቀየርና ቫልቭ ማስፈጨት ይበቃል። ታችኛውን አትንካው።

ዳገት ላይ ሲጫን ሳያቋርጥ ካጨሰ፣ የዘይት ክዳኑን ስትከፍትም እፍ እፍ ካለ ግን ፋሻና ካሚቻ ነው። እዚህ ላይ 404 ለድሃ ያደላል። ካሚቻው ከብሎኩ ጋር አብሮ የተቀረጸ አይደለም፤ ዙሪያውን ውሃ ይዞት ይወጣል፣ ይገባል። ብሎክ ማስሞረድ የለም። 84 ሚሊ ፒስተን ከነካሚቻው ሙሉ ስብስቡን ገዝተህ ትቀይራለህ።

ውሃው ይጠፋል፣ ዘይቱ ወተት ይመስላል

ይህ ክፍል ብዙ ሞተር የተበላሸበት ስለሆነ ረጋ ብለህ አንብበው።

ራዲያተሩን ከፍተህ ሞተሩን ስታስነሳ ውሃው ውስጥ አረፋ ከተንጣጣ ጥፋቱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው። አረፋ ሳይኖር ኮፓው (ከታች ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ውሃ ከተገኘ ግን ከካሚቻው ግርጌ ያለውን ስስ ጓርኒሲዮን ጠርጥር።

ቴስታታውን ስታወርድ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አትንቀለው። ቡሎኖቹን ከፈታህ በኋላ መጀመሪያ ወደ ጎን ወዝወዝ አድርገህ አላቀው። ቀጥ ብሎ ከተነሳ ካሚቻዎቹን ይዟቸው ይነሳል፣ ከግርጌ ያለው ጓርኒሲዮንም ይቀደዳል። ጤነኛ የነበረው ታችኛ ክፍል ከዚያ ጀምሮ ውሃ ያፈሳል። ቴስታታው ከተነሳ በኋላም ካሚቻዎቹን በቡሎንና በወፍራም ሮንዴላ ሳትይዝ ክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) እንዳታዞር። ፒስተኑ ሲወጣ ካሚቻውን ይገፋዋል።

አዲስ ካሚቻ ስታስገባ መቀመጫውን እስኪያበራ አጽዳ። ዝገትና ነጭ ቅርፊት እዚያ ጥግ ተጋግሮ ታገኘዋለህ። ካሚቻው ከብሎኩ ገጽ በላይ ለዓይን የማይታይ፣ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ብልጫ ሊኖረው ይገባል። ጓርኒሲዮኑን ጨምቆ የሚይዘው ይህ ብልጫ ነው። ቀጥ ያለ ብረት አስተኝተህ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) አራቱንም ለካ። እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ዝቅ ካለ የግርጌው ጓርኒሲዮን በተለያየ ውፍረት ስለሚሠራ ወፍራሙን ፈልግለት። «ሲጠብቅ ይስተካከላል» የሚልህን መካኒክ አመስግነህ ሸኘው።

ቴስታታው አልሙኒየም ነው። ግሎ ከሆነ ጠምዞ ይሆናል። የቀጥታ ብረቱ ሥር 0.05 ሚሊ ፊለር በቀላሉ ከገባ ቶርኖ ቤት ይላጥ፤ ነገር ግን የሚበቃውን ያህል ብቻ።

ይግላል

የድሬው ቀፊራ ገበያ ግርግር ውስጥ ቆሞ ከጋለ ማራገቢያውን እይ። የፔጆ ማራገቢያ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያያዝ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ለማግኔቱ ኮረንቲ የሚያደርሰው ካርቦን ካለቀ ወይም ሽቦው ከተቆረጠ ሞተሩ እየፈላ እሱ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ካርቦን መቀየር ከሞተር እድሳት ጋር አይወዳደርም።

ደንገጎን ሲወጣ ብቻ ከጋለ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይም ፋዙ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ወደኋላ ቀርቷል። የድሬ ውሃ ጀበና ላይ የሚሠራውን ነጭ ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም ይሠራዋል። አስከፍተህ አስጠርግ። ከዚያ በኋላ የባትሪ ውሃ (አሲዱን ሳይሆን የተጣራውን ውሃ) ከኩላንት ጋር ሙላ፤ የዝናብ ውሃም ከቧንቧው ይሻላል። ሐረር ላይ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ግፊት የማይይዝ የራዲያተር ክዳንም ጣጣ ነው።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የአገራችን መድኃኒት ሆኗል። እኔ አልወደውም። የሐረር ጠዋት ላይ ሞተሩ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ዘይቱ ይበላሻል፣ ፋሻው ይበላል። የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ካልተከፈተ ቀይረው እንጂ ቦታውን ባዶ አትተው።

ድሬ ላይ ቀትር ቆሞ እንደገና አልነሳ ካለስ? ቤንዚኑ ፓምፑ ውስጥ ፈልቶ ነው። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል አድርግ። ዘላቂው መፍትሄ የቤንዚን ቱቦውን ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) መስመር ማራቅና መሸፈን ነው።

ያንኳኳል

ከላይ ቀጭን ጭክ ጭክ ከሆነ የቫልቭ ክፍተት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ማስገቢያው 0.10፣ ማስወጫው 0.25 ሚሊ ይሁን።

ከታች የሚመጣ ድምፅ ሲሆን የካንዴላ ገመድ በተራ ንቀል፣ በጎማ እጀታ ፒንሳ። አንዱን ስትነቅል ድምፁ ከቀነሰ የዚያ ሲሊንደር የቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያያይዘው ክንድ) ብሮንዚና፣ ማለትም ስስ መሸከሚያ፣ ነው። ለየትኛውም ካልቀነሰ፣ ጭነት ላይ ወፍሮ የሚያጉረመርም ከሆነ፣ ዘይት መብራቱም ሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጠው ቀስ ብሎ ሲዞር) ላይ ብልጭ ካለ የባንኮ (ክራንክ ሻፍቱ ብሎኩ ላይ የሚያርፍበት) ብሮንዚና ነው። ገመዱን ስትመልስ ፔጆ ሲሊንደር የሚቆጥረው ከቮላኖ (ከማርሽ ሳጥኑ ጎን ካለው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) በኩል መሆኑን አትርሳ፤ አቀጣጠሉ 1-3-4-2 ነው።

ብር የሚቆጥበው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ክራንክ ሻፍቱን አስለካ፣ ቀጥሎ ብሮንዚናውን ፈልገህ እጅህ አስገባ፣ መጨረሻ ላይ አስላጥ። ድሬ በባቡሩ ዘመን የሠለጠነ የቶርኖ እጅ አላጣችም። ብረቱ ከተላጠ በኋላ ልኩ ብሮንዚና ከገበያ ከጠፋ ግን ያ እጅ አያድንህም። የድሮዎቹ 3 ባንኮ፣ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ያሉት 5 ባንኮ ስለሆኑ ከመግዛትህ በፊት ቁጠር።

ጉልበት የለውም

ሐረር ላይ ጥቁር ካጨሰ፣ ካንዴላውም ጥላሸት ከለበሰ፣ አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ በዝቷል። የካርቡራተሩን ዋና ጂግለር (የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) አንድ ቁጥር አሳንስ። በመጀመሪያ ግን አየር ማጣሪያውን እጠብ፤ ግማሹ ጊዜ እሱ ነው።

ማሻሻል ካማረህ በፑንቲና (እሳቱን እየከፈተ የሚዘጋው መገናኛ) ፋንታ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን መግጠም ከሁሉም ያዋጣል። ከዚያ በላይ ከፈለግህ የ504 ባለ 1,796 ሲሲ ሞተር አለ። የ404ቱ 1,618 ሲሲ ነው፤ የሁለቱም ሲሊንደር ስፋት 84 ሚሊ ሆኖ የፒስተኑ ምት ከ73 ወደ 81 ሚሊ አድጓል። ከገዛህ ከነካርቡራተሩ ሙሉውን ግዛ፤ ከሁለት ሞተር ቁርጥራጭ አታቀላቅል።

ቴስታታ ብዙ አስልጦ ኮምፕረሽን መጨመር ሐረር ላይ ያስደስታል። ድሬ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሞተሩም ፒስተን እስኪበሳ ድረስ ይንጣጣል። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ ሰው ይተወው።

ከተገጠመ በኋላ

ካንዴላዎቹን ሳታስር የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙር። ሲነሳ ሚኒሞ ላይ ረጅም ጊዜ አታስቁመው፤ አዲስ ፋሻ ካሚቻውን የሚላመደው ቀለል ያለ ጭነት ላይ ነው። አንዴ በደንብ ሞቆ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ቴስታታውን በቶርክ ሬንች ደግመህ አጥብቅ፣ ቫልቩንም እንደገና ለካ። የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ አፍስሰህ ኮፓው ሥር ምን እንደወረደ በነጭ ጨርቅ እየው። ደንገጎን ከዚያ በኋላ ሞክረው።